መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ነው። ብዙ ሰዓቴን የማሳልፈው ሌክቸር ክፍል ውስጥ፣ ከመምህሩ ጎን ቆሜ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ ያዝ ያደርገኝና «አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይላል። ኮሪደር ላይ የክፍል ተማሪ ያስቆመኛል። ሬጅስትራር ስሄድ ደግሞ ሠራተኛዋ የራሷ ጥያቄ አላት። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነሱን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መስማት የተሳነው» እና «ለመስማት የሚቸገር» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ለመስማት የሚቸገረው በመሣሪያም ይሁን ያለ መሣሪያ የተወሰነ ድምፅ ያገኛል። በአብዛኛው የሚግባባውም በንግግር ነው። መስማት የተሳነው ንግግርን በጆሮው መከታተል አይችልም፤ ብዙዎች በምልክት ቋንቋ ይግባባሉ። በመሀል ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ንግግር ከለመደ በኋላ፣ በ15 ወይም በ20 ዓመቱ መስማት ያቆመ። አነጋገሩ እንከን የለውም። ስለዚህ ማንም አያምነውም። «እንዲህ እየተናገርክ እንዴት አትሰማም?» ይሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በሆነ መጠን የመስማት ችግር አለባቸው። ከ430 ሚሊዮን የሚበልጡት ደግሞ ችግሩ የከበደባቸውና ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የምልክት ቋንቋ የሚያውቁት ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ይህን ያላሰበ አንድ ቢሮ በአንድ ወቅት ምልክት ጭራሽ ለማያውቅ ተማሪ መደበኝ። እኔ እጄን አንቀሳቅሳለሁ፣ እሱ በትሕትና ፈገግ ይላል። በክፍለ ጊዜው አጋማሽ ላይ «ይቅርታ፣ ምን እያደረግክ ነው?» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። የሚያስፈልገው የመምህሩን ድምፅ ወደ ጆሮ መሣሪያው የሚልክ ማይክ ነበር! ስለዚህ ተማሪው ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው «በምን እንግባባ?» ነው። መልሱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ምን ብዬ ልጥራቸው?

በስማቸው። ስለ ጉዳዩ መናገር ካስፈለገ «መስማት የተሳናቸው» በቂ ነው። «ደንቆሮ» እና «ዱዳ» ስድብ ናቸው። «ደንቆሮ» በአማርኛችን አላዋቂ ማለትም ሆኖ ቀርቷል፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆን ቃል አይደለም። «መስማትና መናገር የተሳናቸው» የሚለውም ልክ አይመጣም። የብዙዎቹ አንደበት ደህና ነው። ድምፅ አውጥተው የሚናገሩ አሉ፤ የቀሩት በእጃቸው ይናገራሉ።

የጆሮ መሣሪያ አድርጋለች። ታዲያ ለምን አትሰማም?

መነጽር ስለለመድን ነው እንዲህ የምንጠይቀው። መነጽር ብዥታን ያጠራል። የጆሮ መሣሪያ ግን በዋናነት ድምፅን ከፍ ያደርጋል። የመምህሩን ድምፅ፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ ከኋላ የሚንሾካሾኩትን፣ ሁሉንም። አዳዲሶቹ ጫጫታ ለመቀነስ ይሞክራሉ። የአንዱን ሰው ወሬ ከሌላው ወሬ መለየት ግን ይከብዳቸዋል። ኮክሊየር ኢምፕላንት የሚባለው፣ በቀዶ ሕክምና የሚገባው መሣሪያ፣ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ የተፈጥሮ ጆሮን ግን አይተካም።

ርቀትም አለ። ገላጣ ቦታ ላይ ከተናጋሪው ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። መሣሪያው ደህና የሚሠራው ተናጋሪው አንድ ሁለት ሜትር ውስጥ ሲሆን ነው። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ ቃላቱን ያደበላልቃል። ለዚህ የሚሆን መላ አለ። መምህሩ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ትንሽ ሽቦ አልባ ማይክ ድምፁን በቀጥታ ወደ ተማሪዋ መሣሪያ ይልካል። «የኔ ድምፅ ትልቅ ነው፣ ማይክ አያስፈልገኝም» የሚል መምህር ሁሌም አይጠፋም። መጮህ አይተካውም። እንዲያውም ቃሉን ያዛባል፣ ከንፈርንም ያጣምማል። በነገራችን ላይ፣ ለእረፍት ስትወጡ ማይኩን አጥፉት። ኮሪደር ላይ የምታሙትን ሁሉ ትሰማለች።

ከንፈር ማንበብ ይችላሉ አይደል?

መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በራ» በሉ። ቀጥላችሁ «መራ» በሉ። ከንፈራችሁ ያው ነው። «ጠራ»፣ «ተራ»፣ «ደራ» በሉ። ሥራውን የሚሠራው ምላስ ነው፤ ከጥርስ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። «ቀላ» እና «ገላ» የሚለያዩት ደግሞ ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብሎ ነው። መጥበቅና መላላትማ ተዉት። «ከበደ አለ» ስትሉ ከበደ ተናገረ ለማለት ይሁን ከበደ እዚህ አለ ለማለት፣ ከንፈር አይለይም።

እናም ከንፈር አንባቢ ጥቂቱን ያያል፣ ብዙውን ይገምታል። ስለ ምሳ ወይም ስለ አየሩ ሲወራ ግምቱ ይሰምራል። ሌክቸር ግን አዲስ ቃል የሚመጣበት ቦታ ነው። ከዚህ በፊት ሰምቶም አንብቦም የማያውቀውን ቃል ማን ይገምታል? በላዩ ወፍራም ጢም ሲጨመርበት ደግሞ አለቀ።

ይህ እምነት ብዙ ጉዳት አድርሷል። በ1880 ስለ መስማት የተሳናቸው ትምህርት በተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ንግግር ከምልክት ይበልጣል ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ከክፍል ተባረረ። በዚሁ ስም የሚጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በውሳኔው መጸጸቱን የገለጸው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት።

መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ምን ልለውጥ?

አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ራሱ ይመጣል። የሚሰማ ተማሪ ጆሮውን ለእናንተ ይሰጣል። ዓይኑ ስላይዱ ላይ ነው። እጁ ይጽፋል። መስማት የተሳነው ተማሪ ለዚህ ሁሉ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። እኔን ሲያይ ስላይዱ ያመልጠዋል። ሲጽፍ እኔ አመልጠዋለሁ።

ስለዚህ አዲስ ስላይድ ስታመጡ ትንሽ ዝም በሉ። ያንብበው። ከዚያ አስረዱ። ላብራቶሪ ውስጥ ስታሳዩም እንደዚያው፤ ተናገሩ፣ ከዚያ አሳዩ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ እየጻፋችሁ ስታወሩ ከንፈር የሚያነበው ተማሪ ጀርባችሁን ነው የሚያነበው።

የኔም ችግር አለ። ለተማሪው ፊቴን ስሰጥ ሰሌዳው ከኋላዬ ይቀራል። «ይሄንን ወደዚህ ካመጣነው ያ ይሄ ይሆናል» ስትሉ ምን ብዬ ልተርጉም? «ኤክሱን ከእኩሌታው በስተግራ ብናመጣው» በሉልኝ። የሚሰሙትም ተማሪዎች ያመሰግኗችኋል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከእናንተ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ነኝ። ሐሳቡ ሳይገባኝ መተርጎም አልችልም። አማርኛችን ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ «ይፈቀዳል» ልትሉ ይሁን «አይፈቀድም» እስከ መጨረሻው አላውቅም። «ማን ይመልስልኛል?» ስትሉ የሚሰሙት እጃቸውን ያወጣሉ። እኔ ጥያቄውን ገና አልጨረስኩም። ተማሪው መልሱን እያወቀው ሁሌ ይቀደማል። አምስት ሰከንድ ብትጠብቁ ይሄ ነገር ይስተካከላል። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህችን ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። መስኮት ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁ አትቁሙ፤ ፊታችሁ ይጨልማል። ለፕሮጀክተር ብላችሁ መብራት ሁሉ ስታጠፉ እኔም አብሬ እጠፋለሁ። ከኋላ የተጠየቀን ጥያቄ ከመመለሳችሁ በፊት ድገሙት። ቪዲዮ የምታሳዩ ከሆነ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ፣ ያንንም ከክፍሉ በፊት። ደግሞ «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁሌ «አዎ» ነው። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ እየነቀነቁ ማለፍን ተምረዋል። «ቀጥሎ ምን ትሠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁና ገብቶት እንደሆነ ከመልሱ ታያላችሁ።

አስተርጓሚ ካለ እኔ ምን ቀረኝ?

ስላይዱን ቀድማችሁ ላኩልኝ። እኔ ዛሬ ባዮኬሚስትሪ፣ ነገ የውርስ ሕግ ነኝ። ብዙ የሙያ ቃላት ቋሚ ምልክት የላቸውም። በጣት ፊደል እንጽፋቸዋለን፣ ወይም ከተማሪው ጋር ለሴሚስተሩ የሚሆን ምልክት እንስማማለን። ይህ ከክፍሉ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃኛል። በሩ ላይ ከተሰጠኝ ግን ከንቱ ነው።

ከተማሪው ጋር ስታወሩ እሱን እዩ። «አሳይመንቱን መቼ ያስገባል በለው» አትበሉኝ። «አሳይመንቱን መቼ ታስገባለህ?» ብላችሁ እሱን ጠይቁት። እኔ ረዳት መምህር አይደለሁም፣ ዘመዱም አይደለሁም። ስለ ውጤቱም እኔን አትጠይቁ፤ ብጠየቅም አልናገርም፣ የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም።

ረጅም ሌክቸር ላይ ሁለት ሆነን ስንመጣ የሚያጉረመርም አስተዳደር አለ። ማስተርጎም አእምሮ ያደክማል። በየ20 ደቂቃው ገደማ የምንቀያየረው ለዚህ ነው። አንዱ ብቻውን ከቀጠለ ስህተቱ ይበዛል። መጥፎው ነገር፣ መሳሳቱን ራሱም አያውቀውም።

ከሌላ አገር ለመጣ ተማሪ ደግሞ ማንኛውም አስተርጓሚ አይሆንም። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን በዓለም ላይ ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች እንዳሉ ይናገራል። አሜሪካና እንግሊዝ በአፍ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። የምልክት ቋንቋቸው ግን አይገናኝም። የአሜሪካው ይበልጥ የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው፤ በ1817 ሃርትፎርድ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማረው ሎራን ክሌርክ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ ነበር።

ማስታወሻ ማን ይያዝለት?

የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ክፍል የማይቀር የክፍል ጓደኛ። ማስታወሻው በዕለቱ ፎቶ ተነስቶ ይላክለት። ሳምንት የቆየ ማስታወሻ ለፈተና ዋዜማ ካልሆነ አይጠቅምም። ቢቻል ለጓደኛው አነስ ያለ ክፍያ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ በውለታ ብቻ የሚሠራ ሰው ኅዳር ላይ ይሰለቻል።

ስልክ ላይ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አፕ አለ። አይበቃም?

ለወሬ ይበቃል። ቢሮ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ጉዳይ፣ ካፌ ውስጥ ለሰላምታ፣ በጣም ጥሩ ነው። እኔም እንዲጫን እመክራለሁ።

ለሌክቸር ግን እጠራጠራለሁ። አፑ የሚሳሳተው በትክክል ተማሪው በሚቸገርበት ቦታ ነው። የሰው ስም፣ ቀመር፣ አዲስ የሙያ ቃል። ማን እንደተናገረም ብዙውን ጊዜ አይለይም። ብዙ ጽሑፍ በሌላቸው ቋንቋዎች ስህተቱ ይብሳል። አማርኛና እንግሊዝኛ በሚቀላቀሉበት ክፍልማ የሚወጣው ጽሑፍ አንዳንዴ ቅኔ ነው። በዚያ ላይ አንዲት «አይ» ከግሱ ፊት ብትጎድል መልእክቱ ይገለበጣል። የሚሰማው ተማሪ ስህተቱን አይቶ ይስቃል። የማይሰማው ግን ያምነዋል።

በአንዳንድ አገሮች ሌላ አገልግሎት አለ። በልዩ ኪቦርድ በደቂቃ ከ200 ቃላት በላይ የሚጽፍ ባለሙያ ክፍል ይገባል፣ ወይም በኢንተርኔት ይሰማል። ጽሑፉ ወዲያው ተማሪው ስክሪን ላይ ይወጣል። ምልክት ለማያውቁት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ይህ በሌለበት ፈጣን ጸሐፊ ላፕቶፕ ይዞ አጠገቡ ተቀምጦ ዋና ዋናውን ቢጽፍለት እንኳ ብዙ ያግዛል።

ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ለሌሎቹ በደል አይሆንም?

ፈተናው ምን እንደሚለካ ጠይቁ። የኬሚስትሪ ፈተና ኬሚስትሪን ነው የሚለካው። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ፣ በአሜሪካ በተደረገ ቆጠራ ከ90 በመቶ በላይ፣ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ የሚወራውን አይሰሙም። ምልክት የሚያውቅም ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቋንቋቸውን ዘግይተው ያገኛሉ፤ የጽሑፉ ቋንቋ ደግሞ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ነው። የተንዛዛ ጥያቄ ቀመሩን እያወቁት ያስራቸዋል። ሰዓቱ ለዚያ ነው። ለሁሉም ግን አይደለም፤ ጭራሽ የማይፈልጉትም አሉ።

ይልቅ ማንም የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ፈተናው ተጀምሮ ተቆጣጣሪው ይነሳና «ጥያቄ 7 ላይ ስህተት አለ፣ እንዲህ ብላችሁ አስተካክሉ» ይላል። ሁሉም ያስተካክላል። አንድ ተማሪ አጎንብሶ በተሳሳተው ጥያቄ ላይ ሃያ ደቂቃ ያቃጥላል። ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ሄዳችሁም ትከሻውን ነካ አድርጉት።

ሜዲስን ወይም ኢንጂነሪንግ ከሚመርጥ ቀለል ያለ ዲፓርትመንት አይሻለውም?

ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ደግ ሰዎች ናቸው። ለዚህም ነው የሚያስቸግረው።

ጆን ኮርንፎርዝ በልጅነቱ መስማት ማጣት ጀመረ። በ16 ዓመቱ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሌክቸር መስማት ስለማይችል መጽሐፍ ላይ ተደፋ። በ1975 በኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ። አኒ ጃምፕ ካነን ጆሮዋ ብዙም አይሰማም ነበር። 350,000 ያህል ከዋክብትን በየዓይነታቸው መድባለች። መስማት የተሳነው አሜሪካዊ አንድሩ ፎስተር በ1954 ከጋሎዴት በዲግሪ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ከዚያ ወደ አፍሪካ መጣ። በ1957 ጋና ላይ ጀምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ።

የኮርንፎርዝን ታሪክ ሰምቶ «እንግዲህ እሱ ያለ አስተርጓሚ ችሏል» የሚል አለ። እሱ ኮርንፎርዝ ነው። እንደዚያ ያልሆነ ተማሪም የመማር መብት አለው።

ተግባራዊ ጥያቄዎቹ መልስ አላቸው። የልብ ትርታን በጣም የሚያጎላ ወይም በስክሪን የሚያሳይ ስቴቶስኮፕ አለ። ወርክሾፕ ውስጥ ማሽኑ ሲበላሽ ከጩኸቱ ጋር መብራት ብልጭ እንዲል ይደረጋል። የእሳት ማንቂያውም እንዲሁ፣ ዶርም ውስጥ ሳይቀር፤ ለተኛ ሰው አልጋ የሚነቀንቅ መሣሪያ አለ።

ጋሎዴት ያልኩት ዋሽንግተን ያለውን ዩኒቨርሲቲ ነው። መስማት ለተሳናቸው ታስቦ በ1864 ዲግሪ እንዲሰጥ ሊንከን ፈረመለት። እዚያ እንኳ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት የተሾመው ከ124 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው። ያም ተማሪዎቹ ግቢውን ዘግተው ለአንድ ሳምንት ስለታገሉ ነው።

የክፍል ጓደኛው ነኝ። ግሩፕ ወርክ ላይ እንዴት እናድርግ?

ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። አንዱ ሲናገር ሌላው አይናገር። የሚናገረው እጁን ያንሳ፣ የማይሰማው ጓደኛችሁ ዓይኑን ወዴት እንደሚያዞር እንዲያውቅ። የተወሰነውን ነገር በጋራ ቻት ላይ ጻፉት። ፕረዘንቴሽን ሲከፋፈል «አንተ ስላይዱን ሥራ» ብላችሁ አትግፉት። በምልክት ያቀርባል፣ አስተርጓሚው ድምፅ ይሆነዋል።

አንድ ቃል አለች የማልወዳት። ሁሉም ስቆ ሲያበቃ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ተወው፣ ምንም አይደል» ይሉታል። ቀልዱ የማይረባ ቢሆንም ንገሩት። የማይረባ መሆኑን እሱ ራሱ ይፍረድ።

ምልክት ተማሩ። ጣት ፊደሉን በአንድ ቅዳሜ መጀመር ይቻላል። ዶርም ውስጥ ማታ አስተርጓሚ የለም፤ እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ።

ለመስማት የምቸገር ተማሪ ነኝ። ልናገር ወይስ ልደብቀው?

ውሳኔው ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው። ማንም ሊያስገድድ አይችልም። የማየውን ግን ልናገር። የሚደብቁ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ድክም ይላሉ። ቀኑን ሙሉ የጎደለውን እየሞሉ መስማት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። መምህሩም ዝምታውን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ኩራት ይቆጥረዋል።

ለሁሉም መንገር የግድ አይደለም። ለመምህሩ አንድ አጭር መልእክት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ይበቃል። ሕመሙን ማብራራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገውን ብቻ መጻፍ ነው፦ «ፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ሲያስረዱ ፊትዎን ቢያዞሩልኝ፣ ስላይዱንም ቀድመው ቢልኩልኝ እከታተላለሁ።» ይህን ተቀብሎ ቅር ያለው መምህር እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህ ሁሉ ወጪ የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?

በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 አለው። ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች ከፍተኛ ትምህርትና የሙያ ሥልጠናም ያለ አድልዎ፣ ከሌሎች እኩል፣ ተገቢው ማመቻቸት ተደርጎ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዝርዝሩን የየአገሩ ሕግ ይወስናል። እኔ የማውቀው ቀድሞ ያቀደ ተቋም ያነሰ እንደሚያወጣ ነው። ምዝገባ ላይ የተማሪውን ፍላጎት ጠይቆ፣ ክፍለ ጊዜዎቹን አቀራርቦ አስተርጓሚ ይመድባል። ያላቀደው ጥቅምት ላይ ሰው ፍለጋ ይሯሯጣል። ተማሪው በዚህ መሀል አንድ ወር አልፎታል።

አስተርጓሚው ዛሬ ቀረ። ክፍሉ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ምን ላድርግ?

ተማሪውን ጠይቁት፣ በጽሑፍም ይሁን በስልክ። አንዳንዱ «ስላይዱን ስጡኝና ቤተ መጻሕፍት ልሂድ» ይላል። አንዳንዱ መቀመጥ ይፈልጋል። ከተቀመጠ ከጎኑ ቶሎ የሚጽፍ ጓደኛ ይቀመጥ። ትምህርቱ ይቀረጽ፤ ነገ ስመጣ አብረን ተቀምጠን እተረጉምለታለሁ። የዕለቱን ኩዊዝ ግን ለሌላ ቀን አስተላልፉለት።